ኢያቄም የመረመራት መኪና

[ላሊበላ፤ የእትዬ የሻረግ ፔንሲዮን ግቢ። አንዲት ነጭ የቤት መኪና ከጥድ ሥር ቆማለች። የጨርቅ ነጋዴው በድሩ ሊገዛት መጥቷል። አስጎብኚው ኢያቄም የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ሊመክረው አብሮት መጥቷል። ባለቤቷ እትዬ የሻረግ ገና ከቤት አልወጡም።]

ኢያቄም፦ ነጭ አይሆንም አልኩህ!

በድሩ፦ ነጭ ደግሞ ምን አደረገህ?

ኢያቄም፦ አቧራ ያሳያላ።

በድሩ፦ እሺ፣ ጥቁር ልፈልግ?

ኢያቄም፦ ጥቁርም አቧራ ያሳያል።

በድሩ፦ እንግዲያ አቧራ የመሰለ ቀለም ያላት ትፈለግ።

ኢያቄም፦ እሷ ደግሞ ጭቃ ታሳያለች። ላስታ ክረምት አይገባም እንዴ?

በድሩ፦ ወላሂ፣ ከአንተ ጋር ቀለም ከመምረጥ ሚስት መምረጥ ይቀላል።

ኢያቄም፦ የመጣነው ለቀለም አይደለም። ዋናውን ጥያቄ መልስልኝ። የምትፈልገው ሴዳን ነው?

በድሩ፦ ኧረ እኔ እዚሁ አገሬ ነኝ! ሱዳን ሄጄ ምን ላደርግ?

ኢያቄም፦ ሱዳን አላልኩም፤ ሴዳን! ሴ-ዳን። ባለ አራት በር፣ ከኋላዋ የዕቃ ማስቀመጫ ያላት፣ ቤተሰብ የምትይዝ የቤት መኪና ማለት ነው።

በድሩ፦ እንደዚህች?

ኢያቄም፦ እንደዚህች።

በድሩ፦ ታዲያ እፊቴ ቆማ ሳለ ለምን ሌላ ስም ታወጣላታለህ?

ኢያቄም፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] በድሩ፣ መኪና የሚገዛ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። እኔ አንድ የጀርመን መሐንዲስ አስጎብኝቻለሁ፤ ዕድሜውን በሙሉ መኪና ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ስንዞር የምናወራው ስለ ሞተር ብቻ ነበር።

በድሩ፦ ምን አለህ?

ኢያቄም፦ ሆዱን አሞት ስለነበር ብዙም አልተናገረም። እኔ ግን ገብቶኛል። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ፦ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?

በድሩ፦ ይቺማ ያገለገለች ናት።

ኢያቄም፦ ያገለገለ አደገኛ ነው! የት፣ ማንን፣ እንዴት ሲያገለግል እንደኖረ አይታወቅም።

በድሩ፦ ኧረ ተው ኢያቄም፣ ነውር ነው። በዚህ አገር አገለገለ ሲባል የምሰማው ቄሱና ዲያቆኑ ናቸው። አንተ ክርስቲያኑ ያገለገለ አደገኛ ነው ስትል፣ እኔ እስላሙ አፈርኩልህ።

ኢያቄም፦ ስለ መኪና ነው የማወራው!

በድሩ፦ እሷስ ብትሆን፣ አገልግላ አገልግላ እዚህ ከደረሰች ትከበራለች እንጂ ትሰደባለች?

ኢያቄም፦ ምክሬን ከሰማህ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ። ነዳጅ አይል፣ ሰልፍ አይል። ማታ ሰክተህ ታድራለህ፣ ጠዋት ትነዳለህ።

በድሩ፦ መብራት የሄደ ለታስ?

ኢያቄም፦ የሄደ ለታማ... ይጾማል።

በድሩ፦ እኛ ሰፈር ከሆነማ እናንተ ከምትጾሙት እሱ የሚጾመው ሊበልጥ ነው።

ኢያቄም፦ እሺ፣ ድብልቁን ግዛ። ግማሹ በነዳጅ፣ ግማሹ በመብራት የሚሄድ አለ።

በድሩ፦ አባቱ ነዳጅ፣ እናቱ መብራት።

ኢያቄም፦ እንደዚያ በለው፣ ይሁን።

በድሩ፦ በቅሎ ነዋ!

ኢያቄም፦ ምን?

በድሩ፦ ከሁለት ዘር የመጣ በቅሎ ነው። ለበቅሎማ ሙጃ ገበያ ወጥቼ ጥርሷን አይቼ እገዛ የለም? አንተን ማድከም ምን አስፈለገኝ!

ኢያቄም፦ [ራሱን ይዞ] ከዚህ ሰው ጋር ምን ዓይነት ኃጢአት ነው ያገናኘኝ! ስማ፤ መኪና በጉልበቱ ነው የሚለካው። ቢያንስ መቶ ሀያ የፈረስ ጉልበት ያስፈልግሃል።

በድሩ፦ እኔን የቸገረኝ የፈረስ ጉልበት አይደለም። የእናቴ ጉልበት ነው።

[ኢያቄም ወደ በድሩ ዞር ይላል።]

ኢያቄም፦ እማማ ኸዲጃ አልተሻላቸውም?

በድሩ፦ ግራው ጭራሽ አልታጠፍ አለ። መርሳ ያለችውን እህቷን፣ አክስቴን ሰአዳን ታውቃታለህ አይደል? ሰሞኑን ሕመሙ ጠንቶባታል። ባለፈው እናቴን በሚኒባስ ልወስዳት ሞከርኩ። እግሯን በግድ አጣጥፈው ሲያስቀምጧት ሕመሙን ችላ ተሳፈረች፤ ኩልመስክ ሳንደርስ ግን ላብ አጠመቃት። «ልጄ መልሰኝ፣ በቃኝ» አለች። አሁን እህትማማቾቹ በስልክ ነው የሚላቀሱት።

ኢያቄም፦ አልነገርከኝም እኮ።

በድሩ፦ ዛሬ መኪና ልገዛ ነው ስላት ጓዟን ጠቅልላ በር ላይ አስቀመጠች። ሚስቴ ነጅሚያ ብታነሳው «ተይው፣ እዚያው ይሁን» ብላ ተቆጣቻት።

ኢያቄም፦ አይዞህ። ለእማማ ኸዲጃማ እኔ ነኝ የምመርጥላቸው። ጥርስ የላት፣ ጭራ የላት፤ ሆዷን ከፍቼ አያታለሁ!

[በድሩ የኋላውን በር ከፍቶ ይገባል። ግራ እግሩን እንደ እንጨት አድርቆ ወንበሩ ላይ ይዘረጋል። ይወጣል። እንደገና ይገባል።]

ኢያቄም፦ ምን እያደረግህ ነው?

በድሩ፦ እናቴን ሆኜ እየገባሁ ነው።

ኢያቄም፦ መኪና በበሩ አይመረጥም! ጀርመኑ ቢያይህ ምን ይላል?

በድሩ፦ ሆዱን ያመዋል።

[እትዬ የሻረግ ቁልፍ ይዘው ይወጣሉ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ።]

የሻረግ፦ እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። አያችኋት?

በድሩ፦ እግዜር ይስጥልን እትዬ፤ ደህና አደሩ? በሯ ደስ ብሎኛል።

ኢያቄም፦ በሩን ይተዉት እትዬ የሻረግ። እኔ ጥቂት የሙያ ጥያቄ አለኝ። እስከ ዛሬ ስንት ሰው ነድቷታል?

የሻረግ፦ ባለቤቴ ጋሻዬ ብቻ ነው። እንግዳ ካውሮፕላን ማረፊያ ሲያመጣ፣ ሲሸኝ ኖረ።

ኢያቄም፦ ለምን ለሽያጭ ቀረበች? አንድ እንከን ቢኖርባት ነው።

የሻረግ፦ እንከኑ እሱ ላይ ነው። ዓይኑ ደክሟል። ባለፈው መንገድ ላይ አንዲት አህያ ቆማ «እመቤት፣ ትንሽ ዞር ቢሉልኝ» እያለ ሲለምናት ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ደበቅኩት።

በድሩ፦ አህያዋ ዞር አለች?

የሻረግ፦ በዚህ ትሕትና ተለምና እንዴት እምቢ ትላለች? በሉ ግቡ፣ ነድታችሁ እዩአት። እኔም ከኋላ እሆናለሁ።

በድሩ፦ ኢያቄም፣ ትነዳለህ?

ኢያቄም፦ ሐኪም ራሱ መርፌ ሲወጋ አይተህ ታውቃለህ? አንተ ንዳ፤ እኔ አዳምጣለሁ።

[ይሳፈራሉ። ኢያቄም የፊቱን በር ድው አድርጎ ይዘጋል። መኪናዋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ትወጣለች።]

በድሩ፦ ማሻአላህ፣ መሪዋ ቅቤ ነው።

[ኳ! ኳ! ኳ!]

የሻረግ፦ ኧረ ይሄ ምንድን ነው?

ኢያቄም፦ እስቲ ዝም በሉ! [ዓይኑን ጨፍኖ] ኩሽኔታ ነው። በድሩ፣ ትንሽ ፈጠን በል።

[ኳኳኳኳኳ!]

ኢያቄም፦ አይደለም! ፒስተን ነው። ቀስ፣ ቀስ በል!

በድሩ፦ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል።

ኢያቄም፦ አየህ! የታመመ ሞተር ምልክቱ እሱ ነው።

የሻረግ፦ በጌታ ስም፣ እንዲህ ብላ አታውቅም እኮ!

በድሩ፦ ኢያቄም፣ እኔ ግን የሚሰማኝ ካንተ በኩል ነው።

ኢያቄም፦ የሞተር ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ነው፤ የሚነሳበት ሌላ፣ የሚሰማበት ሌላ። እውቀት የሌለውን ሰው ያሳስታል። አቁም፤ ወርጄ ከውጭ ልስማት። አንተ እፊቴ እለፍ።

[ኢያቄም ይወርዳል። በድሩ እፊቱ ነድቶ አልፎ ይመለሳል። መኪናዋ ጭጭ ብላለች።]

በድሩ፦ እህ? ድምፁ የለም እኮ!

ኢያቄም፦ የለም። በጣም መጥፎ ነው።

በድሩ፦ ሲጮህም መጥፎ፣ ዝም ሲልም መጥፎ?

ኢያቄም፦ የሚገድል በሽታ የሚደበቅ ነው።

[ይሳፈራል። በሩን ድው ያደርጋል። መኪናዋ ትንቀሳቀሳለች። ኳ! ኳ! ኳ!]

የሻረግ፦ በስመ አብ ወወልድ!

በድሩ፦ አንተ ስትወርድ ትድናለች፤ ስትሳፈር ትታመማለች። ይሄ ነገር ቡዳ ይሆን?

ኢያቄም፦ ክብደት ነው! ሸክም ሲበዛባት ሞተሯ ይጨነቃል።

በድሩ፦ ቅድም እትዬ የሻረግ ከኋላ እያሉ ዝም ብላ የለም?

የሻረግ፦ ምን ለማለት ነው?

በድሩ፦ ኧረ ምንም እትዬ! አላህ ያቆይዎት ነው የምለው።

ኢያቄም፦ የመጨረሻውን ልንገራችሁ? ሞተሯ አልቆላታል። መርሳ ቀርቶ ኩልመስክም አትደርስ። ይቺ መኪና ለሰው አትሸጥም።

[መኪናዋ ትቆማለች። እትዬ የሻረግ ከኋላ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ይቀበላሉ።]

የሻረግ፦ በል ልጄ፣ አልሸጥልህም።

በድሩ፦ እትዬ!

የሻረግ፦ አልሸጥም። ኸዲጃ ልጆቼ ሲወለዱ ገንፎ ያበላችኝ ጎረቤቴ ናት። እሷን በታመመች መኪና ገደል ለገደል ልሰድ? እኔ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ ከሰማሁት ወዲያ ግን ሕሊናዬ እሺ አይለኝም።

ኢያቄም፦ [ለበድሩ] አየህ? አዳንኩህ! እኔ ባልኖር ዛሬ ተሞኝተህ ነበር።

[በድሩ ወርዶ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።]

ኢያቄም፦ በድሩ? ምነው? ሌላ እንፈልጋለን እኮ።

በድሩ፦ መቼ? እናቴን ምን ብዬ ነው ያን ጓዝ የማስነሳት? አክስቴ ሰው ነው የምትጠብቀው፤ ሌላ መኪና እስክናገኝ ትጠብቀን ይሆን?

ኢያቄም፦ [ድምፁ ወርዶ] እኔ እኮ ለእናትህ ብዬ ነው። መንገድ ላይ ቢቀሩስ ብዬ...

በድሩ፦ አውቃለሁ። ክፋት እንደሌለህ መች ጠፋኝ?

[በድሩ መኪናዋን በሐዘን ያያል። ድንገት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ይነሳና በኢያቄም በኩል ወዳለው በር ይጠጋል።]

በድሩ፦ እትዬ የሻረግ፣ እስቲ አንዴ ይውረዱ። ሞተሩን አገኘሁት።

የሻረግ፦ የት?

በድሩ፦ እዚህ። ውጭ ተንጠልጥሏል።

[የወንበሩ ቀበቶ ከነብረቱ ከበሩ ውጭ ተንጠልጥሏል። ኢያቄም በተሳፈረ ቁጥር ከሥሩ እየጎተተ ወደ ደጅ ሲገፋው፣ በሩንም ሲዘጋበት ነበር። መኪናዋ ስትሄድ ብረቱ በሩን ይደበድባል፤ እሱ ሲወርድ ግን ቀበቶው ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ይገባል።]

የሻረግ፦ [ብረቱን በጣታቸው እየመቱ] ኳ! ኳ! ይሄ ነው ፒስተኑ?

[ኢያቄም ቀበቶውን ወደ ውስጥ ይመልሳል።]

የሻረግ፦ አንተ ልጅ! ቀበቶ አታስርም?

ኢያቄም፦ ሲቆረቁረኝ ጊዜ ገፋ አደረግሁት። በምርመራ ላይ ነበርኩ እኮ!

የሻረግ፦ ልቤን አጠፋኸው! [እየሳቁ መኪናዋን ይደገፋሉ] ምስኪኗን በቁሟ ልትቀብራት!

ኢያቄም፦ ቢሆንም፣ ድምፅ መኖሩን ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ።

በድሩ፦ እንዴታ! ያመጣኸውም አንተ ነህ።

[ኢያቄም አንገቱን ደፍቶ ይሳፈራል፤ ቀበቶውን ያስራል። መኪናዋ እስከ ፔንሲዮኑ በጸጥታ ትመለሳለች። ግቢው ውስጥ በድሩ ገንዘቡን ቆጥሮ ያስረክባል፤ እትዬ የሻረግ ቁልፉን በበድሩ መዳፍ ላይ ያስቀምጣሉ።]

የሻረግ፦ ውሰዳት ልጄ። ኸዲጃን በደህና አድርስ። ያንተ ጓደኛ ግን መኪናው ውስጥ ምንም ነገር እንዳይነካ።

በድሩ፦ አላህ ይስጥልኝ እትዬ። ውለታዎን አልረሳም። [ስልክ ይደውላል] እማ? ተገዛች! ... አዎ፣ ነጭ ናት። ... የኋላ በሯ ሰፊ ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ እግርሽን ዘርግተሽ ነው የምትሄጂው። ... አዎ፣ አስመርምሬያታለሁ። ኢያቄም ነው የመረመራት።

ኢያቄም፦ [ቀና ብሎ] ሰላም በልልኝ!

በድሩ፦ ሰላም ብሎሻል። ... ምን አለ? «ሞተሯ አልቆላታል፤ ኩልመስክም አትደርስ» ነው ያለው። ... እሺ እማ። እሺ፣ መጣሁ።

[ስልኩን ይዘጋል።]

ኢያቄም፦ አንተ! እሱን ምን አስነገረህ? አሁን ይደነግጣሉ እኮ!

በድሩ፦ ኧረ ምንም አልደነገጠች።

ኢያቄም፦ ምን አሉ ታዲያ?

በድሩ፦ «አልሐምዱሊላህ! ኢያቄም እንዲያ ካለማ ደህና ናት፤ ጫማዬን አምጡልኝ» አለች።