ስለ ሳምሪ ሙታን የተሰጠ አስተያየት

አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም የሚያልቀው የአዳራሹ መብራት ሲበራ አይደለም። በር ላይ ማይክ የያዘ ሰው ይጠብቃችኋል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ሁለት አስተያየት ይዘን ነው የምንወጣው፤ አንዱ ለማይኩ፣ አንዱ ለታክሲው። ለማይኩ የሚሰጠው አጭርና ጣፋጭ ነው፦ «በጣም ደስ የሚል ፊልም ነው፣ ሁሉም ሰው መጥቶ እንዲያየው እጋብዛለሁ፣ በርቱ!» ይህን ያለው ሰው ታክሲ ውስጥ ገብቶ ሳይደላደል ወደ ጓደኛው ዞሮ «ምን ዓይነት ጉድ ነው ያሳየኸኝ?» ይላል። ውሸታሞች ነን ማለቴ አይደለም። የለፋን ሰው ፊት ለፊት ማሳዘን አይሆንልንም፤ ዞር ሲል ግን ይሆንልናል።

ትንሽ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ደግሞ ሌላ በሽታ አለብን። «ጥሩ ነው» ብለን ማቆም አንችልም። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት አርማለሁ። ሰው የጻፈውን እያነበብኩ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ ነው፤ ግን…» እያልኩ መጻፍ ልማድ ሆኖብኛል። «ግን» የሌለበት አስተያየት ሳላነብ የፈረምኩ ይመስለኛል። ደግሞ በእኔ ብቻ አትፍረዱ። ሠርግ ተጠርታችሁ፣ ጠግባችሁ፣ መርቃችሁ ስትወጡ፣ ገና መኪናው ጋ ሳትደርሱ «ድግሱ ጥሩ ነበር፤ ግን…» ያላላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ።

ሰሞኑን ይህ ሁሉ አስተያየት የሚወርድበት አንድ የዞምቢ ፊልም ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፣ ዞምቢ ማለት ሞቶ አርፎ መተኛት ያቃተው፣ ተነሥቶ እየተጎተተ ሰው የሚበላ ፍጡር ነው። እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነው። በአገራችን ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ፊልም የለም ተብሎ ተወራለት፤ የቦሌ መንገድ ግራና ቀኙ በፖስተሩ ተሸፈነ። ታሪኩም እዚሁ አጠገባችን ነው። ሙታኑ ከቦሌ ሚካኤል በኩል ተነሥተው ወደ መገናኛ ይጎርፋሉ።

ከጉርድ ሾላ ወደ ሥራ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። አንዱ ወጣት «ኢፌክቱ አሪፍ ነው ባክህ፣ ስቶሪው ግን ዊክ ነው» ይላል። ጓደኛው «እኔን ያናደደኝ፣ ዞምቢዎቹ ከቦሌ መገናኛ እንዴት እንደዚያ ቶሎ ደረሱ? በዚህ ትራፊክ?» ሲል፣ ሹፌሩ ሳይዞር «በእግራቸው ስለሄዱ ነዋ!» አለው። ታክሲው በሳቅ ሞላ። አንድ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ግን አልሳቁም። «እኔን ልጄ ወስዶ አሳየኝ» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ አንድ ድንኳን አልተተከለም። አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ ሩጫ! እንዲህ ያለ ሰፈር የት ነው ያለው?» የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ዘነበች ደግሞ ቸርች የምታገለግል ናት፤ «የአጋንንት ሥራ ነው፣ ደጁም አልደርስ» ብላ ካወገዘች በኋላ፣ የፊልሙ ዋና ልጅ መጨረሻ ላይ ትተርፍ እንደሆነ በየሻይ ሰዓቱ ስትጠይቀኝ ሰነበተች።

መልስ አልነበረኝም። ለምን እንዳልነበረኝ እመጣበታለሁ።

ፊልሙን ያየሁት ወድጄ አይደለም። ጉርድ ሾላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኔ በር ትይዩ እትዬ ለተብርሃን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አንድ ልጃቸውን ሳምራዊትን ለብቻቸው አሳድገው፣ አስተምረው፣ ባንክ አስገቡ። «ልጄ ባንክ ናት» ሲሉ ዳዊት የሚደግሙ ነበር የሚመስሉት። ታዲያ ሳምሪ ባንኩን ተወችና የፊልም ሜካፕ ሠራተኛ ሆነች። ሙሽራ የምታስውብ ብትሆን እናትየው ቀስ በቀስ በለመዱት። እሷን የሚማርካት ግን የተቀደደ ጉንጭ፣ የገጠጠ አጥንት፣ የበሰበሰ ከንፈር ነው። አንድ ቀን እትዬ ለተብርሃን ፍሪጁን ከፍተው ከቲማቲሙ አጠገብ የሰው ጆሮ አገኙ። ከላስቲክ የተሠራ ነው። ግን ጆሮ ነው።

በጆሮው ምክንያት የተነሣው ጭቅጭቅ ስለ ባንክም፣ ስለ አባትም፣ ስለ ድካምም ሆኖ ቀጠለ። ሳምሪ ልብሷን ሰብስባ ወሎ ሰፈር ጓደኛዋ ጋ ገባች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በዓል ሲሆን ብቻ ነው፤ እሱንም ደውዬ የማገናኘው እኔ ነኝ።

ፊልሙ ሊወጣ ሲል ሳምሪ ደወለችልኝ።

«ሮሚ፣ የዞምቢዎቹን ፊት በሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። እማዬን አንድ ጊዜ ብቻ አምጪልኝ። አይታውም ‹ይሄ ሥራ አይደለም› ካለች ባንክ እመለሳለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የባንኩ አለቃዬ ተመለሺ ብሎኛል። መልስ የምሰጠው ሰኞ ነው። እናት እያለችኝ እንደሌላት ሰው መኖር ሰልችቶኛል፣ ሮሚ።»

«ዞምቢ እንይ» ብዬ እትዬ ለተብርሃንን ከቤት እንደማላስወጣቸው አውቃለሁ። ስለዚህ «ሳምሪ ሥራዋን የምታሳይበት ዝግጅት አለ፣ እንደ ምርቃት ያለ ነው» አልኳቸው። ውሸት ነው? እናንተ ፍረዱ፤ እኔ በራሴ ላይ ፈርጄ ጨርሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ነጠላ ደርበው፣ እቅፍ አበባ ይዘው ወጡ። ምርቃት ነው ብያቸው ምን ያድርጉ!

ቦሌ ደርሰን ከሲኒማው ሕንጻ ፊት ለፊት ቆሙ። ፖስተሩ ሕንጻውን አልብሶታል፤ ግማሽ ፊቱ የተበላ ሰውዬ ቁልቁል ያየናል።

«ሮማን።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ይሄ ነው ምርቃቱ?»

«የሳምሪ የእጅ ሥራ ነው» አልኩ፣ ጫማዬን እያየሁ።

«ወይ አነ!» አሉ በትግርኛ። አበባውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ቀድመውኝ ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። እኔ ዶሮ ሲታረድ ቤት ለቅቄ የምወጣ ሰው ነኝ። መብራቱ ጠፍቶ የመጀመሪያው ሬሳ ጣቱን ሲያነቃንቅ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሲነሣ ደግሞ ፊቴን እትዬ ለተብርሃን ትከሻ ላይ ደፋሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የተከታተልኩት በጆሮዬ ነው። ጩኸት፣ የመኪና ጡሩምባ፣ ከፊት ለፊቴ የሆነ ነገር ሲታኘክ፣ ከኋላዬ ፈንዲሻ ሲታኘክ። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እትዬ ለተብርሃን «በስመ አብ» ባሉ ቁጥር ትከሻቸው ብድግ ይላል፤ እኔም አብሬ ብድግ እላለሁ። አንድ ጊዜ ጭራሽ ሊወጡ ተነሡ። ከዚያ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ መልሰው ተቀመጡ። ትከሻውም ተመለሰልኝ።

ስንወጣ ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። ሳምሪ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይኗ እናቷ ላይ ነው። እንደ ልጅነቷ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳለች። ወደ እኛ መምጣት ስትጀምር አንዲት ማይክ የያዘች ልጅ ካሜራ የያዘ ጓደኛዋን አስከትላ መሀል ገባች።

«እናቴ፣ ፊልሙን እንዴት አገኙት?»

«እናቴ» ያለችው እኔን ነው። እትዬ ለተብርሃን አጠገቤ ቆመው! ገና አርባዎቹን ሳልጨርስ! አንድ ነገር ውስጤ ተቆጣ። «እናቴ» የምትባል ሴት «በርቱ» ብላ ብታልፍ ማንም አይፈርድባትም፤ እኔ ግን ያለፈው ያገደመው ሁሉ እናቴ የሚለኝ ሰው እንዳልሆንኩ ማሳየት ነበረብኝ።

«ጥሩ ጅምር ነው» አልኩ። ምነው እዚህ ላይ ባቆምኩ! «ግን…»

«ግን» ካሉ በኋላ አንድ ነገር ማስከተል ግድ ነው። ስለ ታሪኩ እንዳልናገር ታሪኩን አላየሁም። ስለ ትወናው እንዳልናገር ተዋንያኑን አላየሁም። ስለ ፊልም ሥራ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ሳምሪ ወጥ ቤቴ ተቀምጣ፣ ሻይ እየጠጣች፣ ስለ ሰው ሠራሽ ቁስል ያስተማረችኝን ነው። አፌ ሄዶ እሱን አመጣው።

«ሜካፑ ላይ ትንሽ ይቀራቸዋል። የቁስሉ ጠርዝ ከቆዳው ጋር በደንብ አልተዋሐደም፤ ሰው ሠራሽነቱ ያስታውቃል።»

አነጋገሬ አማረልኝ። ማይክ የያዘችው ልጅ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። ከትከሻዋ ባሻገር ሳምሪን አየኋት። መራመዷን አቁማለች። ሰኞ ለአለቃዋ የምትሰጠውን መልስ እዚያው ፊቷ ላይ አነበብኩት። ሰውን የሚበላው ዞምቢ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ ግን ቃል አንዴ ማይክ ውስጥ ከገባ ጎትተው አያወጡትም።

«ምን አልሽ አንቺ?»

እትዬ ለተብርሃን ናቸው። ማይኩን ከልጅቷ አልተቀበሉም፤ ልጅቷን ከነማይኳ ወደ ራሳቸው ጎተቷት።

«ይቺን አትስሟት! አላየችም! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ ትከሻዬ ላይ ተወሽቃ ነው የነበረችው። ነጠላዬን እዩት፣ ሊፒስቲኳ አለበት!»

ካሜራው ወደ ነጠላው ወረደ። አለበት።

«ሰው ሠራሽ ነው አለች? ያ ጉንጩ የተቀደደው ሰውዬ ዞር ሲል ልወጣ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ ‹ይሄን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት› ብዬ ተቀመጥኩ። እንዴት አድርጋ ሠራችው እያልኩ እስኪያልቅ አፍጥጬ አየሁ። ልጄ ናት! ሳምራዊት ትባላለች። ስሟን ጻፊ!»

ኮሪደሩ አጨበጨበ። ሳምሪ ሰው እየገፋች መጥታ እናቷ ፊት ቆመች። እኔ መተቃቀፍና ለቅሶ ጠብቄ መሐረብ አውጥቻለሁ። እትዬ ለተብርሃን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ከስተሻል» አሉ። «ወሎ ሰፈር ምግብ የለም?»

አበባውንም አስያዟት። መሐረቡን እኔው ተጠቀምኩበት።

ወደ ቤት የሄድነው ሦስታችንም በአንድ ታክሲ ነው። ታክሲ ውስጥ ደግሞ፣ እንዳልኳችሁ፣ ሁለተኛው አስተያየት ይመጣል። እትዬ ለተብርሃን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ባንኩ ይሻል ነበር» አሉ።  ሳምሪ አበባውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ግን» አሉ እናትየው፣ «እንዲህ ያለ እጅ ባንክ ውስጥ ምን ይሠራል? ብር ሊቆጥር?»

«ግን» ከኋላው መልካም ነገር አስከትሎ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰኞ ሳምሪ ለባንኩ አለቃ ደውላ አመስግና ተሰናበተችው።

ቪዲዮው ግን አልተሰናበተኝም። ሰው ሁሉ ተቀባበለው። ከሥሩ የሚጻፈውም እንደ ፊልሙ አስተያየት ሁለት ቦታ ተከፈለ። ገሚሱ «እኚህ እናት ይኑሩልን» ይላል፤ ገሚሱ «ድራማ ነው፣ ሁለቱም ተከፍሏቸው ነው» ይላል። ዘነበች መሥሪያ ቤት ያላየ እንዳይኖር ለፍታ አሳየች። ሪፖርት ላርም ስቀርብ ሰዎቹ ጨዋ በሆነ ድምፅ «አንብበሽው ነው?» ይሉኛል። ይበሉኝ። አሁን በእርግጥ አነባለሁ።

ሳምሪን ይቅርታ ልጠይቃት ወሎ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። ሳቀችብኝ። «ሮሚ፣ አንቺ ባታጥላዪው እማዬ መች ትከራከርልኝ ነበር? የራሷን ልጅ እሷ ብቻ ናት የምትሰድበው!» አለችኝ። ይቅር ማለቷ መሆኑ ነው። ሕሊናዬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለልም። ክፋቴ መልካም ፍሬ አፈራ ብዬ ክፋቴን ላመሰግነው ነው? አንድ ሰው ድንጋይ ወርውሮ ማንጎ ቢወድቅለት፣ የወረወረው ወደ ማንጎው አልነበረም እኮ። የሆነ ሆኖ ማንጎው ወድቋል፤ እየተበላ ነው። ደስ ማለቱን እንዴት ልተወው?

ባለፈው እሑድ እትዬ ለተብርሃን ቤት ምሳ ተጋበዝኩ። ሳምሪም አለች፤ አሁን እሑድ እሑድ አትቀርም። ፍሪጁ ውስጥ ሁለት አፍንጫ ተቀምጧል፤ እናትየው የበርበሬ ሽታ እንዳይነካው ብለው በክዳን ዕቃ ከድነውታል። ፊልሙ ክፍል ሁለት እንደሚሠራለት ሳምሪ ነገረችን። ብዙ ሙታን ያስፈልጋሉ፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ጠፍተዋል። ልጅቷ ይህን ያለችው እንዲሁ ለወሬ ነው።

እትዬ ለተብርሃን ሳህኖቹን እያነሡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ «እኔስ?» አሉ።

«እማዬ! ዞምቢ እኮ ነው! ሰው ትበያለሽ!»

«ሰው የምበላው ከእውነት ነው እንዴ? ማን ነው ፊቴን የሚሠራው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያ ምን ቸገረኝ?» ሳህኖቹን አስቀመጡ። «ቀረጻው መቼ ነው?»

«የመጀመሪያው ዓርብ ነው።»

እትዬ ለተብርሃን እጃቸውን በፎጣ አድርቀው ወደ ልጃቸው ዞሩ። እንዲህ የቆረጠ ፊት ባንኩን ስትተው እንኳ አላሳዩዋትም።

«ዓርብማ ጾም ነው፣ ሰው አልበላም። ለአለቃሽ ንገሪው።»

ሳምሪ እየሳቀች ስልኳን አንሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። እኔና እትዬ ለተብርሃን የበረንዳውን በር እያየን ጠበቅን። አንዳችንም አልሳቅንም፤ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የሳቅ ይሁን የሌላ አልጠየቅኋትም።

ቀረጻው ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል።