ለጠብ የማይመች ሰው

በየከተማው አንድ ሊጣሉት የማይቻል ሰው አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ስትሰድቡት የሚያመሰግን፣ ስትገፉት ዞር ብሎ «ይለፉ» የሚል፣ ጠብ አምሯችሁ ብትሄዱ ከነጠባችሁ የሚመልሳችሁ! የእነዚህ ሁሉ የበላይ፣ ክቡርነታቸው ብረት ቀጥቃጭ አቶ አብተው፣ በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ የኔ የልብስ ስፌት ሱቅ ጎረቤት ነበሩ። አንቱታ ያሳፍረው ስለነበር አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ከጎንደር የመጣ ቤተ እስራኤል ነው። ከመልካሳ ድረስ ማረሻ ይመጣለታል፤ ሰፈሩ ግን ቢላዋውን አስሎ ዞር እንዳለ «ቡዳ» ይለዋል። ጠላ ሻጯ ወይዘሮ አበዛሽማ የምትለው ፊት ለፊት ነው። ጠላዋ በሆመጠጠ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቆማ፦

«አንተ ቡዳ! በዓይንህ አበላሸኸው አይደል?»

«እትዬ አበዛሽ፣ ከእኔም የባሰ ጎረቤት ሊገጥምዎት ይችል ነበር፤ ተመስገን ይበሉ። ቢላዋዎት ዶልዱሞ እንደሁ ልሳልልዎት?»

እስቲ ይህን ሰው እንዴት ብላችሁ ትጣሉታላችሁ?

በዓል ሲመጣ ለወጉ ያህል እንጠራዋለን። «እኔ ለእናንተ ማዕድ የምበቃ አይደለሁም» ይላል። እኛም ከእጁ አንበላምና ኮራ እንላለን። ከዓመታት በኋላ ነው ጋሪ ነጂው ጂብሪል፣ እሱም የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ነገሩ ገብቶት፣ ምስጢሩን የነገረኝ። ለካ ኦሪቱ ከእኛ እጅ እንዳይበላ ይከለክለዋል! እንዳይከፋን ብሎ ኩራቱን ለእኛ ትቶልን ኖሯል።

ታዲያ አንድ ዓርብ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ጉተማ ለአብዮት በዓል የብረት ቅስት አማረው። «ነገ ጠዋት እሳት ነዶ ይሠራ!» ብሎ አዘዘ። ቅዳሜ ለአብተው ሰንበት ነው፤ እሳት አይነካም።

«ጌታዬ፣ እሑድ በማለዳ እነሣለሁ። ነገ ግን አልችልም።»

«አድኃሪ!»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጸረ አብዮት!»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ይበላ ነበር።

«ይሄስ ይበዛብኛል ጌታዬ። ለእሱ የሚሆን አቅም ከየት አባቴ አምጥቼ?»

ጉተማ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ነገ እሳት ካልነደደ ቤቱ እንደሚታሸግ ዝቶ ሄደ።

«አብተው በሞቴ፣ አንድ ቀን ነው፤ አጎንብስለት!» አልኩት።

«ማጎንበሱንማ መች እምቢ አልኩ? ሙሴ ከሰው ሁሉ ትሑት ነበር ይላል ኦሪታችን። ፈርዖንን ግን እምቢ ብሎታል።»

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ወናፉ ቀዝቅዟል። ጉተማ ማሸጊያውን ይዞ መጣ፣ ሰፈሩም ግጥም አለ። ያን ጊዜ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ማን ብቅ ብትል ጥሩ ነው? ወይዘሮ አበዛሽ!

«ጓድ ጉተማ፣ እሱን አባረህ እኔ ማንን ልሰድብ ነው? ሌላውማ መልሶ ይሳደባል!»

ሳቁ! ጂብሪል ከጋሪው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጉተማም አመለጠው፤ እየሳቁ ደግሞ ቤት ማሸግ አይሆንም። «እሑድ በጠዋት!» ብሎ ተመለሰ።

ወንድ ልጅ እልል ይላል ቢሉኝ እል ነበር! ሰዉ ሲበተን አበዛሽ ግን አልሄደችም። «ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል፣ ሰው አይታመንም» ብላ፣ ጠላዋን ትታ፣ ድንጋይ ስባ ከአብተው በር ፊት ተቀመጠች። እስኪመሽ አልተነሣችም። እኔም ሱቄን ዘግቼ አጠገቧ ዋልኩ። እንደዚያ ቀን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ወድጄ አላውቅም።