በሞቴ የተሸኘው ቡድን

ተረቴን ስሙኝ። የጠገበ ልብ ብሎ ይስማ፣ የራበው ደግሞ ታግሶ ይስማ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ እርስ በርስ በሚግባቡበት ዘመን፣ ሾላ በር የሚባል ጫካ ነበረ። ከጫካው ዳርቻ አንድ ሐይቅ ነበር። በጋ ሲጠና ሐይቁ ያንሳል። የሾላ በርም እንስሳ፣ የቆላውም እንስሳ ሊጠጣ ይመጣል። ያኔ መገፋፋት ነው፣ መነካከስ ነው። በመጨረሻ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡና፣ «ከምትናከሱ ኳስ ተጫወቱ። ያሸነፈ ቀድሞ ንጹሑን ውሃ ይጠጣ፣ የተሸነፈ ኋላ መጥቶ ጭቃውን ይጠጣ» አሉ። ሁሉም ተስማማ።

የሾላ በር እንስሳት በሰፈራቸው ሜዳ ሲጫወቱ የሚያህላቸው የለም። ግልገሎቻቸው እንኳ እምቧይ እያንከባለሉ ነው የሚያድጉት። ግን ሐይቁ ዳር ወርደው በትልቁ ውድድር በተሰለፉ ቁጥር ተሸንፈው ይመለሳሉ። ነገሩ ልማድ ሆነና፣ «የኛ ጭቃ እኮ ከሰው ውሃ ይጣፍጣል» የሚሉም አልጠፉም።

በዚያ ዓመት ወለላ የምትባል ወጣት ሚዳቋ ወልዳ ነበር። የመጀመሪያዋ ነው። ግልገሏ ሲጠባ ትን እንዳይለው ትሰጋለች፣ ሳይጠባ ሲተኛ ደግሞ ታመመ ብላ ትሰጋለች። በጋው ብሶ ሣሩ ሲደርቅ ወተቷ መቅጠን ጀመረ። «ዘንድሮም ጭቃ ከጠጣሁ ጡቴ መንጠፉ ነው። ልጄን ምን አጠባዋለሁ?» እያለች ትጨነቅ ጀመር። ተስፋዋ ባሏ ነው። ባሏ የቡድኑ አጥቂ ነው፤ ከፍጥነቱ የተነሳ መብረቁ ይሉታል።

ውድድሩ ሲቃረብ አያ አንበሶ ጉባኤ ጠራ። ወለላም ልጇን አስከትላ ሄደች።

«ዘንድሮስ ምን ብናደርግ ይሻላል?» አለ አንበሳው።

አያ ጅቦ ብድግ አለ። የሽኝት ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነው። «ጌታዬ፣ አምና የተሸነፍነው ሽኝታችን ቀዝቅዞ ነው። ልጆቹን አይዟችሁ ብሎ፣ ደህና አድርጎ ያጎረሳቸው ማን አለ? ዘንድሮ በየመንደሩ ይደገስ። ቡድኑ በየደጁ እየበላ፣ እየተመረቀ ይውረድ።»

ጉባኤው አጨበጨበ። ዝንጀሮዎች «መጀመሪያ በኛ ደጅ!» አሉ። ከርከሮዎች «እኛስ ምን በድለን ነው ከዝንጀሮ በኋላ የምንደግሰው?» ብለው ተቆጡ። በማን ደጅ ቀድሞ ይለፍ በሚል ጭቅጭቅ ፀሐይ አዘቀዘቀች።

ወለላ ፈራ ተባ እያለች ተነሳች። «ይቅርታ አድርጉልኝና... ልምምዱስ መቼ ነው?»

አያ ጅቦ ሳቀ። የጅብ ሳቅ ደግሞ ታውቃላችሁ። «እመት ወለላ፣ አራስ ነሽና አይፈረድብሽም። ሚዳቋ ሩጫ ሊለማመድ? ዓሣስ ዋና ሲለማመድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«መሮጡንስ ይሮጣሉ። ሆድ ሲሞላ ግን...»

«ወይ ጉድ!» አለች ጎረቤቷ ጃርት። «ደግሞ ብለሽ ብለሽ አታጉርሱ ልትይን ነው?»

ወለላ አፍራ ተቀመጠች።

ሽኝቱ ተጀመረ። በሾላ በር ወግ፣ «በሞቴ» ተብሎ የተሰጠን ጉርሻ መመለስ ሰጪውን ሙት እንደ ማለት ነው። ዝንጀሮዎች ሾላና ዶቅማ ከምረው ጠበቋቸው። ተጫዋቾቹ በልተው ሲነሱ፣ «ይቺን ብቻ፣ በሞቴ» ተባሉ። ከርከሮዎች ደጅ ሲደርሱ መብረቁ፣ «ጠግበናል፣ ምርቃቱ ይበቃናል» ቢል ሽማግሌው ከርከሮ ኩርፊያ ጀመረ። «የዝንጀሮን በልተህ የኛን ልትተው ነው? ንቀኸን ነው?» ምን ይደረግ፣ በሉ። በረኛው ራሱ ከርከሮ ነበርና አክስቶቹ ተራ ገብተው አጎረሱት። አያ ጅቦም ሽኝቱ እንዳይጓደል እያለ ከየድግሱ እየቀመሰ ከኋላ ይከተላል።

መጨረሻ ላይ ወለላ ደጅ ደረሱ። ወለላ ምላ ነበር። «እኔስ አላጎርስም፣ ውሃ እንኳ አላቀምስም» ብላለች። ባሏ ሆዱ ተነፍቶ፣ እያለከለከ ሲመጣ አየችውና ልቧ ተሰበረ።

«በል ሂድ፣ አትቁም» አለችው።

ጃርት ግን ከደጇ ሆና ታያለች። «አበስኩ ገበርኩ! የገዛ ባሏን በባዶ አፉ ልትሸኝ!» አለች፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ።

ወለላ ለራሷ ሳትበላ ያቆየችው ጥቂት ለምለም ቅጠል ነበራት። ዓይኗ ወደዚያ ሄደ። ቢሸነፍ ባዶ አፉን ሸኝታው ነው እንደሚሏት ታወቃት። ደግሞም ባሏ ነው፣ ታዝንለታለች። «አንዲት ብቻ» አለች።

«ወለላዬ፣ ተይኝ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።»

«በሞቴ።»

ጎረሰ። ጃርት፣ «አንድ ጉርሻ እኮ ያጣላል!» ብላ ጮኸች። ሁለተኛ ጎረሰ።

ከሐይቁ ዳር የቆላ የሜዳ ፍየሎች ቆመው ነበር። ከሲታ ናቸው። የሸኛቸው የለም፤ አንዲት አሮጊት ኤሊ ብቻ መንገድ ልታሳይ አብራቸው መጥታለች። የሾላ በር ሸኚ ግን ሜዳውን አጥለቀለቀው፣ ተጫዋቾቹ መሐሉ ላይ ጠፍተው በፍለጋ ነው የተገኙት።

ጨዋታው በአሮጊቷ ኤሊ ዳኝነት ተጀመረ። ኳስ ወደ በረኛው ከርከሮ ስትመጣ ከርከሮው አገሣ፤ አፉን ሳይገጥም ኳሷ አልፋዋለች። ተከላካዮቹ ዝንጀሮዎች ግንድ ተደግፈው እንቅልፍ ያዳፋቸዋል። መብረቁ አንድ ጊዜ ብቻውን ከግቡ ፊት ደረሰ። ሾላ በር በሙሉ ተነሳ። ወለላ ልጇን እቅፍ አደረገች። መብረቁ እግሩን አነሳ፣ ስቅታ ያዘው፣ ጎኑን ወጋውና ቁጭ አለ።

የቆላ ፍየሎች ያገቡትን የሾላ በር እንስሳ ሊቆጥረው አልፈለገም።

እዚያው ሸንጎ ተቀመጡ። «ነፋሱ ነው» አሉ። «ዳኛዋ ኤሊ ፊቷን አዙራ እስክታይ ጨዋታው አለቀ» አሉ። ዝንጀሮዎች «የኛ ድግስ ቀላል ነበር፣ የከርከሮ ስራስር ነው የከበዳቸው» አሉ። ከርከሮዎች በዝንጀሮ ሾላ አመካኙ። ወለላም በልቧ፣ «የኔማ ቅጠል ነው፣ ቅጠል ምን ያደርጋል» አለች።

በመጨረሻ አያ ጅቦ ፍርዱን አቀረበ። «ልጆቹ የከዳቸው ወኔ ነው። ለከርሞ ሽኝቱ ቀደም ብሎ ይጀመር። ለዛሬ ደግሞ ማጽናኛ ይደገስላቸው።» ጉባኤው አጨበጨበ።

ወለላ ግን አላጨበጨበችም። ግልገሏ ጡቷን ይጎትታል፣ የሚወርድ ነገር የለም። ተራዋን ጭቃው ዳር ቆማ ስትጠብቅ፣ ጠጥታ የምትመለስ አንዲት የቆላ የሜዳ ፍየል አየቻት። እሷም አራስ ነበረች። ምንም ሳትል ጎንበስ ብላ ጡቷን ለወለላ ልጅ ሰጠችው። ልጁ ጠባ፣ ጠባ፣ ጭራውን እያወዛወዘ ጠባ።

ወለላ እንባዋ መጣ።

«ያ አጥቂ ባልሽ ነው አይደል?» አለች ፍየሏ። «አምና ሰፈራችሁ ድረስ መጥቼ ሲጫወት አይቼዋለሁ፣ ነፋስ ነው እኮ። ዛሬ ማን አሰረብሽ?»

«ያሰረውስ የለም፣ እህቴ» አለች ወለላ። «የወደደው ሁሉ አጎረሰው እንጂ።»