ጨው የሚጠብቁት ሻምበል

የሰው ድስት የሚቆጣጠር ሰው የሌለው ከተማ የለም። ሸዋ ሮቢት ግን ከሁሉ ትበልጣለች፤ የእሷ ተቆጣጣሪ ከሰማይ የወረደ ነው።

ክቡር ሻምበል ሙዐዊያ፣ ጡረታ የወጡ የጦር አውሮፕላን አብራሪ፣ ሰው ሲያገኙ ከፊቱ በፊት አንገቱን ያያሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው «አላህ ያጽናችሁ» ካሉ በኋላ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «ጨዋችሁ ክዳን አለው?» ይላሉ። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽራዪቱን «እስኪ ምራቅሽን ዋጪ» ብለው እንቅርት ሲፈልጉባት፣ ሚዜዎቹ በትከሻ ገፍተው አስወጥተዋቸዋል።

ጎረቤታቸው ከዲጃ ጨው የምትጨምረው እንደ እናቷ ገና ከቁሌቱ ነው። ዕቃውንም ምድጃ ዳር ክፍቱን ትተወዋለች።

«አዮዲኑ እኮ ተነነ፣ ከዲጃ! ጨው ድስቱ ሲወርድ ነው!»

«ወጡ አላማረረም፣ ሻምበል። የሚያማርሩት አንቱ ብቻ ነዎት።»

አንድ ቀን ግን፣ የሮቢት ቀትር አየሩን እንደ ውሃ ሲያርገበግበው፣ ደጇ ያለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ቀስ ብለው አወጓት። በልጅነታቸው ቤታቸው የሚገባው በግመል የመጣ፣ አዮዲን የሌለበት ጨው ነበር። በኋላ፣ በረራ በለመዱበት ዕድሜ፣ አንገታቸው አበጠ፤ ልባቸው ያለ ምክንያት ይጋልብ፣ እጃቸው መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ከደመና በላይ ነበርኩ። ያወረደኝ ጠላት እንዳይመስልሽ፤ ይቺ ናት» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ነክተው።

ከዲጃ መሳቅ አቃታት። ልጇ ዓሊያ አብራሪ ካልሆንኩ ብላለች፤ አንገቷ ሥር ደግሞ ትንሽ እብጠት ጀምሯታል።

ከዚያ ወዲያ ሻምበል በየቀትሩ ይመጡ ነበር፤ ድስቱ ሲወርድ አዮዲን ያለበትን ጨው በእጃቸው ይነሰንሳሉ። አንድ ቀን ዓሊያ እብጠቱ ቶሎ እንዲጠፋላት ቸኩላ ጨው በማንኪያ ስትቅም ደረሱባት።

«ተይ! ሲበዛም የሚታመመው ያው አንገት ነው። ነዳጅ ከልኩ ካለፈ አውሮፕላን አይነሳም።»

በሁለተኛው ዓመት ዓሊያ ለአብራሪነት ልትመረመር ከሄደችበት ከቢሾፍቱ አየር ኃይል ደወለች። «ኡሚ፣ ሐኪሙ ምራቅሽን ዋጪ አለኝ። ዋጥኩ። አለፍኩ!»

ከዲጃ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ ነገረቻቸው። ሻምበል ወፍ እንኳ የሌለበትን ሰማይ ቀና ብለው አዩ፤ ቀኝ እጃቸው ባዶ አየር እንደ መሪ ጨብጦ፣ በቀስታ ወደ ኋላ ሳበ።

ዛሬ ከዲጃ ጨዋን ከምድጃው አርቃ፣ ጥርቅም አድርጋ ከድና ታስቀምጣለች። ብቻ ቀትር ላይ የሻምበል ከዘራ ደጁ ላይ ሲሰማ፣ የሚቆጡበት እንዳያጡ ቶሎ ብላ ክዳኑን ታነሳዋለች።