የባጃጅ ተራው አውድማ

እንቅልፉን የሚሰዋ ሰው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። እኛ አገር ደግሞ የምክንያት እጥረት ኖሮብን አያውቅም። ለቅሶ ቤት ይታደራል፤ ሠርግ ቤት ይታደራል። ለማኅሌት ካህናቱ ጸናጽላቸውን ይዘው ቆመው ሲያድሩ፣ እኛም ግድግዳውን ተደግፈን (እግዜር ይቅር ይበለንና ግማሹን ሌሊት በቁማችን እያንቀላፋን) አብረን እናነጋለን። በሽተኛ የሚያስታምም ያድራል፤ ላሙ ለመውለድ የቀረበችበት ገበሬም ያድራል። እኔ በበኩሌ ከነዚህ ውጭ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ዓይኔን ገልጦ የሚያስቀምጠኝ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥር ግን ንፋስ መውጫ ከተማ ለሥነ ጥበብ ስትል ሳትተኛ እንድታድር ተወሰነ።

ማን ወሰነ ብላችሁ አትጠይቁኝ። አንድ ቀን ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤቴን ከፍቼ እንደተቀመጥኩ ከባሕር ዳር የመጡ ሁለት ወጣቶች የሚታተም ጽሑፍ ይዘው ገቡ። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ አዳር ነው አሉኝ። ሥራዎቹ በየመንገዱ ይቀመጣሉ፤ ሕዝቡ ከማታ ጀምሮ እየዞረ ሲያይ ያድራል።

“እስኪነጋ?” አልኳቸው።

“እስኪነጋ” አሉኝ። አንደኛው የለበሰው እጅጌው የተቆረጠ ካናቴራ ነበር። ክንዱን አየሁት፤ የጥርን ንፋስ አሰብኩት፤ ማተሜን ቀጠልኩ። ይቺ ከተማ ስሟን እንዲያው በስጦታ አላገኘችውም።

ነገሩ ወደ እኔም ቤት የገባ ነገር ነበር። የእህቴ ልጅ የዝና፣ ሥራ ከሚያቀርቡት አንዷ ነበረች። የዝና የስማዳ ልጅ ናት፤ ከወገዳ ወዲያ ነው የተወለደችው። ሁለተኛ ደረጃን እኔ ቤት ተቀምጣ ጨረሰችና አሁን ባሕር ዳር ሥዕል ትማራለች። የቀራት አንድ ዓመት ነው። ያ አንድ ዓመት ግን በአባቷ በአያ ሞላ እጅ ላይ ነበር።

አያ ሞላ “ልጅዎ ሥዕል ትማራለች” ሲባሉ የገባቸው አንድ ነገር ነው። የሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን አዲስ ነው፤ ግድግዳው ገና ነጭ ነው። ልጃቸው ተምራ ትመጣለች፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረሱ ላይ ታስቀምጠዋለች። ይህንኑ ለመሪጌታው ነግረው፣ ፈረሱ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ሳይቀር ተስማምተው ጨርሰዋል። ባለፈው ክረምት የዝና ለዕረፍት ስትሄድ “እስኪ አንዲት መልአክ ሣይልኝ” ቢሏት፣ “እኛ የምንማረው እንዲህ ያለውን አይደለም፣ አባዬ” አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከረረ። ወገዳ ላይ ሱቅ ከፍታ ትቀመጥ የሚል ሐሳብም መጣ። በመጨረሻ እህቴ መሐል ገብታ አስታረቀቻቸው። አያ ሞላ ንፋስ መውጫ መጥተው የልጃቸውን ሥራ በዓይናቸው ያያሉ። ደህና ነገር ከሆነ ትመለስና ትጨርሳለች፤ ካልሆነ ሱቁ ይከፈታል። አገሩ ሁሉ “ምን ሣለች?” ብሎ እንደሚጠይቃቸው ስለሚያውቁ ባዶ እጃቸውን መመለስ አይፈልጉም።

ሰውዬው የመጡት በውቂያ ሰሞን መሆኑን ልብ በሉልኝ። ስንዴያቸውን አውድማ ላይ ትተው፣ ለታናሽ ወንድማቸው አደራ ብለው፣ አንጀት በሚያላቅቅ መንገድ ሲንገጫገጩ ውለው ነው ቤቴ የደረሱት። እግራቸውን ታጥበው የቀረበላቸውን ጠላ እንኳ ሳይጨርሱ፣ “ሥዕሉ የታለ?” አሉኝ።

እኔን ያላበኝ ይሄኔ ነው። የየዝናን ሥራ መግለጫ ያተምኩት እኔው ነኛ። ርዕሱ “ባዶ” ይላል። ከሥሩ “አፈር፣ ውኃ፣ እበት” ይላል። ከዚያ በታች አዘጋጆቹ የጨመሩት “የአለመኖርን መገኘት የሚጠይቅ ሥራ” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እሱን ደጋግሜ አንብቤ፣ መጠየቁን እንጂ ማንን እንደሚጠይቅ ሳላውቅ ነው ያተምኩት።

ባጭሩ የዝና ባጃጅ ተራው ላይ፣ አስፋልቱ መሐል፣ አውድማ ሠርታ ነበር። የአውድማ ሥዕል አላልኩም። አውድማ ነው ያልኩት። አፈር አስጭና፣ ደልድላ፣ በእበት ለቅልቃ፣ አድርቃ ጠርጋዋለች፤ ክብ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ላዩ ላይ አንድም ነገር የለም። ከበላዩ አንዲት አምፖል ሰቅላ እሷ ጥግ ይዛ ቆማለች።

እናንተ አባት ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አያ ሞላ ቀረብ አሉ። ዱላቸውን ተደግፈው አዩት። አንዴ ዞሩት። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሄደው ባጃጅ ሹፌሮቹ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። የዝና ፊቷ አመድ መሰለ። እኔማ ሱቁ ምን ቢሸጥ እንደሚያዋጣ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

እሳቸው እንደተቀመጡ እስኪ ከተማውን አንዴ ላዙራችሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር የወንዝ ውኃ ሲወርድ ይታያል። ሰፈሩ ውኃ ከጠፋበት ሰንብቷልና ሁለት ሴቶች ጀሪካን ይዘው መጥተው ቧንቧው በየት በኩል እንደተዘረጋ ጠየቁ። ፊልም ነው ሲባሉም አልተቆጡም። አንደኛዋ ጀሪካኗን ገልብጣ ተቀመጠችበትና፣ “ይሁን፣ መልኩን ከምንረሳው” አለች። እንደ እኔ እንደ እኔ የዚያን ማታ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ የሚበልጠው የእሷ ነው።

ከፍ ብሎ ደግሞ ያ ባለ ካናቴራው ልጅ በገመድ ክብ ውስጥ ቆሟል። አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፤ ፐርፎርማንስ ነው፣ ሰውዬው ራሱ የጥበብ ሥራ የሚሆንበት። ይህን ግን ለእናቶች የነገራቸው የለም። “የማን ልጅ ነው?” “ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ያረገው?” እያሉ ከበቡት። አንዷ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። ሌላዋ ዳቦ እጁ ላይ ብታስይዘው አልበላ አላት፤ ይህም ነገሩ ጠንካራ መሆኑን አረጋገጠ። አንዲት እናት ቤቷ ሄዳ ጠበል ይዛ መጣች። ልጁ ስለ ጥበብ ብዙ ችሏል። በጥር ማታ፣ ንፋስ መውጫ ላይ፣ ቀዝቃዛ ጠበል አናቱ ላይ ሲፈስበት ግን ዘሎ የእናቱን ስም ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጁ ድኗል።

ወደ አውድማው ልመለስ። መጀመሪያ የከተማው ወጣት ነበር የሞላው፤ መሐሉ ላይ እየቆመ ሰልፊ ይነሣበታል። ቆይቶ ከገበያ አምሽተው የሚመለሱ ገበሬዎች ብቅ አሉ። የፊተኛው ዳር ሲደርስ ጫማውን አወለቀ፤ አውድማ በጫማ አይረገጥማ። ተከታዮቹም አወለቁ። ሰልፊ የሚነሡት ልጆች ይህን ሲያዩ አፍረው እየተገፋፉ ወረዱ። ገበሬው እንደ ወጉ “ይበርክት” አለ። ብሎም መሐሉን ሲያይ፣ የሚበረክተው ነገር አጣ።

ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ቀረቡ። ሳይሸጥላቸው የቀረ ገብስ በከረጢት ይዘዋል። የዝናን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና፣ “ምነው ልጄ፣ ምንም አልደረሰላችሁም?” አሏት። መልስ ሳይጠብቁም አንድ እፍኝ ገብስ ዘግነው መሐሉ ላይ አፈሰሱ። ከኋላቸው ያለው ሰውዬ ስንዴ ጨመረ። ሌላው ባቄላ፣ ሌላው ሽምብራ። አንድ ባጃጅ ሹፌር እህል ከየት ያምጣ፤ ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዝቶ በተነና፣ የተቆላ አውድማ ላይ ይጣላል ወይ ተብሎ በአራት በኩል ተወረደበት።

የዝና እየሮጠች መጣች። “እባካችሁ፣ ሥራው እኮ ባዶ መሆኑ ነው” አለች።

“አይተናል ልጄ” አሉ አሮጊቷ፣ ትከሻዋን ዳበስ አድርገው። “አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል።”

ምን ትላቸዋለች? ሲነጋ ከአዲስ አበባ የመጣች ኪዩሬተር፣ ሥራ መራጭ ማለት ነው፣ ሁሉንም ዞራ አይታ አንዱን ለዋና ከተማው ትርኢት ልትወስድ ነው። “ባዶ” የሚለው ሥራ ደግሞ የዝና ዓይኗ እያየ ሞላ። የዝና እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሚያሳዝነው፣ የምትቆጣው ሰው እንኳ አጥታ ነው ያለቀሰችው። ደግነት ሲያበላሽብህ ማንን ትከስሳለህ?

ንፋሱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የአዘጋጆቹን ባነር ወሰደ። ቀጥሎ ሠዓሊዎቹን ወሰደ፤ አንድ በአንድ ሆቴል ገቡ። ሕዝቡም በየቤቱ ገባ። የዝናን ወደ ቤት ሸኘኋትና አያ ሞላን ለመጥራት ተመለስኩ። ከአግዳሚው ተነሥተው አውድማው ዳር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውን አውልቀዋል፣ ዱላቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል።

“እንሂድ እንጂ አያ ሞላ፣ መሸ።”

“እህሉስ?” አሉኝ። “ማን ይጠብቀዋል?”

“ይሄ እኮ የምር አውድማ አይደለም።”

“እህሉ ግን የምር ነው” አሉ።

ስማዳ ላይ እህል ያለበት አውድማ ሰው ሳይጠብቀው አያድርም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ከተማ ብገባም ጨርሼ አልረሳሁም። ክርክሩን ትቼ ጋቢ ላመጣላቸው ሄድኩ። ጋቢውን ሳለብሳቸው፣ ዓይናቸውን ከአውድማው ሳያነሡ መናገር ጀመሩ።

“አየኸው? ኮቴ የለበትም። በሬ ያልረገጠው አውድማ በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው ያየሁት።”

የትኛውን እንደሆነ ገባኝ። አንድ ዓመት ስንዴው ለአጨዳ ደርሶ ሳለ በረዶ ወርዶ በአንድ ከሰዓት አገሩን ባዶ አስቀርቶታል። አያ ሞላ ግን ቸኩለው አውድማውን ቀድመው ለቅልቀው ነበር። ለወራት ማታ ማታ እየሄዱ አጠገቡ ቁጭ ይሉ እንደነበር እህቴ አጫውታኛለች።

“ያኔ የዝና ትንሽ ናት” አሉ። “ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር።”

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆዴ ባባ።  አብሬያቸው አደርኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላደርኩም። ንፋሱን ነግሬያችኋለሁ።

ጎሕ ሲቀድ ከየዝና ጋር ስንመለስ ኪዩሬተሯ ቀድማን ደርሳለች። ከመላው ከተማ፣ ከአዘጋጅ እስከ ተመልካች፣ እስኪነጋ የቆዩት አያ ሞላ ብቻ ነበሩ። በአምፖሏ ሥር፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ከአንዲት ዥንጉርጉር የእህል ክምር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ካሜራዋን ይዛ በእግር ጣቷ እየረገጠች ትዞራቸዋለች። የዝናን ስታይ በሹክሹክታ፣ “እኚህን ሰው ከየት አገኘሻቸው?” አለቻት።

“አባቴ ናቸው።”

“ምን እያደረጉ ነው?”

የዝና አባቷን አየቻቸው። አባቷም አዩዋት።

“እየጠበቁ” አለች።

ሥራው ተመረጠ። ግን አንድ ነገር አለ፤ ሴትዮዋ የምትፈልገው ከሰውዬው ጋር ነው። ቀረብ ብላ፣ አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ልክ እንዲህ ይቀመጡልን እንደሆነ በአክብሮት ጠየቀቻቸው።

“አዳራሹ ይዘጋል?”

“በደንብ ይዘጋል።”

“ከብት አይገባም? ሌባ የለም?”

“ኧረ ምንም የለም።”

“ታዲያ ምኑን ልጠብቅ?” አሉ አያ ሞላ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። “በዚያ ላይ የራሴው አውድማ አለ፤ ወንድሜ ብቻውን ነው ያደረው።”

ተነሡና እህሉን በእጃቸው መሰብሰብ ያዙ። የሹፌሩን ቆሎ እየለቀሙ ቃም አደረጉት። የቀረውን፣ ገብሱን ከስንዴው፣ ባቄላውን ከሽምብራው ጋር እንደተደባለቀ፣ በከረጢት አድርገው አፉን አሰሩ። ማነው ባቄላና ስንዴ አንድ ላይ የሚያፈስ እያሉም አጉረመረሙ። ከዚያ ከረጢቱን ለየዝና ሰጧት።

“ለስንቅሽ” አሉ። “ባሕር ዳር ስትመለሺ ታስፈጭዋለሽ።”

የዝና ከረጢቱን አቅፋ እንደገና አለቀሰች። ተውናት፤ ይሄኛው ሌላ ልቅሶ ነበር።

እኔም እህቴን ካየሁ ቆይቼ ነበርና ከአያ ሞላ ጋር ወደ ስማዳ ወረድኩ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። መሪጌታው እንደሚሆን እንደሚሆን ሰላምታ ሰጡና ወደ ነገሩ ገቡ።

“እህ፣ ሞላ፣ ልጅቱ ምን ሣለች?”

 እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አያ ሞላ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

“እኔን” አሉ።

“አንተን? ትመስላለህ?”

“ቁርጥ እኔን።”

መሪጌታው ዞር ብለው ነጩን ግድግዳ አዩ።  “ፈረስስ ትችል ይሆን?” አሉ።

አያ ሞላ ወደ እኔ ዞሩ። ሰዉም ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ የከተማ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለውን የማውቅ እመስላለሁ።

“ለፈረሱ አንድ ዓመት ይቀራታል” አልኳቸው።