እህት ዓለሚቱ ሊጠይቁ መጡ

ሰው ከበሽታው ቢተርፍ ከጠያቂው አይተርፍም። ይህን ለማወቅ ሆስፒታል ሦስት ቀን መተኛት ይበቃል፤ ጽናት ደግሞ ከኮምቦልቻ ደሴ መጥታ ከተኛች ሦስት ሳምንቷ ነው።

ከጠያቂ ሁሉ የሚልቁት ክብርት እህት ዓለሚቱ ናቸው፤ የኮምቦልቻ ሕመምተኞች የበላይ ጠባቂ። ማንም አልሾማቸውም። የመጠየቂያ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቁም፤ ዘበኛው ገና "እናቴ፣ ሰዓቱ አልፏል" ሲል እሳቸው "ተባረክ ልጄ" ብለው ደረጃው ላይ ናቸው። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ታማሚዋ እግር ላይ ቢባል ይሻላል፣ ቁጭ ይሉና ይጀምራሉ። "አይዞሽ! ያቺ ከቢስቲማ የመጣችውም ልክ እንዳንቺ ነበረች። ጌታ ይመስገን፣ ዐረፈች።" ጽናት ገና ሲመጡ ስታይ ዓይኗን ጨፍና የተኛች ትመስላለች። እሳቸው ግን ለተኛም ያወራሉ።

የጽናት ሕመም የጡት ካንሰር ነው። ባሏ ተስፋ "መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ሐኪሙም ደስ ብሎታል" ይላታል። የልጃቸው የሊዲ ሰርግ ደግሞ "እናቷ ሲሻላት" እየተባለ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። ጽናት የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሊዲን መዳር። መቼ እንደሚሻላት ስትጠይቅ ግን ሁሉም መልስ በመስጠት ፈንታ ትራሷን ያስተካክላል።

ታዲያ ባለፈው ማክሰኞ እህት ዓለሚቱ የጽናትን ወንድም ማቲዎስን ኮሪደር ላይ ያዙት። ማቲዎስ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ያስተምራል። ምስኪን፣ ለማንም እንዳይናገሩ ቃል አስገብቶ ሁሉን ዘረገፈላቸው። ቃላቸውን ከኮሪደሩ እስከ አልጋው ድረስ ጠበቁ።

"ስሚማ ጽናት፣ መድኃኒቱ እኮ እምቢ ብሏል። ካንሰሩ ለመደው። በሩ ላይ ዘበኛ አቁሞ፣ መድኃኒቱ ሲገባ አንገቱን ይዞ ያስወጣዋል አለኝ ወንድምሽ። አሁን ተመራማሪዎቹ በዓይን የማትታይ ቅንጣት ሠርተዋል፤ ናኖ ነው የሚሏት። በሷ ውስጥ መልእክት ጠቅልለው ይልካሉ። መልእክቱ ያንን ዘበኛ የሚያቆመውን፣ ጂን የሚሉትን የዘር ትእዛዝ ዝም ያሰኘዋል። ያኔ መድኃኒቱ ሰተት ብሎ ይገባል!"

ጽናት ዓይኗን ገለጠች።

"ለኔ ይደርሳል?"

እህት ዓለሚቱ ምናልባት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እጇን ያዙ።

"አይደርስም፣ ልጄ። ላንቺ ዓይነቱ ካንሰር የሚሆነውን ገና አይጥ ላይ እየሞከሩት ነው ይላል ወንድምሽ።"

ተስፋ ለካ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ፊቱ ቀላ። "ይውጡልኝ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይዎት!" እህት ዓለሚቱ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

"ተስፋ" አለች ጽናት፣ "ሰርጉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን።"

"ሲሻልሽ እኮ..."

"አይሻለኝም። ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። አምስት ወር ሙሉ እሷ ፊት ሲስቅ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ሲያለቅስ የኖረ ሰው ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች፤ እፎይም አለች። እኚያን መዘዘኛ ሴት ከልቧ ወደደቻቸው።

በሩ ተንኳኳ አይባልም፤ ተከፈተ። አሁን የተባረሩት እህት ዓለሚቱ ፔርሙስ ይዘው ገቡና አጥሚት በሁለት ኩባያ ቀዱ።

"ጠጡ፣ ሳይበርድ። ሰርግ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ አያለቅስም።"