የጸሐፊው ሰንጠረዥ

ሊሸነፍ ሲል ሕግ የሚያወጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በጃንሆይ ጊዜ ቡታጅራ ላይ ገጥሞኛል፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ደምሴ። የሰንጠረዥ ጨዋታ አውቃለሁ፤ የሱን ሰንጠረዥ ግን ማን ይወቀው? ከንጉሡ አጠገብ «ዋስ» የሚባል ጠጠር ተከለ፤ ዋስ ያለው ንጉሥ አይያዝም አለ። ዋስ ያለው ደግሞ እሱ ብቻ! «ቀጠሮ» የሚላት የጠርሙስ ቡሽም ነበረችው፤ ፊታችሁ ካስቀመጣት እሱ ሦስቴ ይጫወታል፣ እናንተ ቁጭ።

ጎረቤቴ የእንሰቴን ድንበር ገፍቶብኝ ከስሼ፣ መዝገቤ አቶ ደምሴ መሳቢያ ውስጥ ከርሟል።

«ካሸነፍከኝ ዛሬውኑ ለዳኛው አቀርበዋለሁ፤ ከተሸነፍክ ከመስቀል ወዲያ» አለኝ።

ምን ምርጫ አለኝ? ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ፈረሶቹን ስበላበት አዲስ ሕግ ጨመረ።

«በጨዋታ መሀል ‹አቤት› ያለ ይግባኝ ጠይቋልና ተሸንፏል።» ወዲያው ይጠራኝ ጀመር። «ሸምሱ!»

«ምን ልታዘዝ?»

«አንተ ሸምሱ!»

«እዚሁ ነኝ፣ ጌታው።»

በስሙ ሲጠሩት አቤት አለማለት ለጨዋ ልጅ ቀላል ነው? ምላሴን ነክሼ ያዝኩ፤ ላቤ ጠብ ጠብ አለ። ይኼኔ ዳኛው ከውስጥ ጮኹ፦ «ደምሴ!»

«አቤት ጌታዬ!» ብሎ ብድግ አለ።

በረንዳው ላይ የነበረው ባለጉዳይ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም።

«አልሐምዱሊላህ! ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ፊቱ በርበሬ መስሎ መሳቢያውን ከፈተ፤ መዝገቤን ይዞ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ኡፍፍ! የወረቀት ድምፅ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?